ከመኪና ያልወረደ ዓይን

«መንዝ ሄደህ ምን ልታይ? ብርድ እንደሆነ እዚሁ አለ!»

ይህን ያለኝ የሥራ ባልደረባዬ ነው። ከቢሯችን ሥር ካለችው ጀበና ቡና ተቀምጠን፣ የሦስት ቀን ፈቃድ መጠየቄን ሰምቶ ነው።

«ብርድማ እዚህም አለ። እዚህ የሌለው ባና ነው» አልኩት።

«ባና ደግሞ ምንድን ነው?»

«አየህ! ምን እንዳለ የማያውቅ ሰው ምን እንደሌለ በምን ያውቃል?»

ቡና የምትቀዳልን ልጅ ሳቀች። እሱ ግን በአንድ ቃል የሚረታ ሰው አይደለም። «ስማ» አለኝ፣ «በደሴ መንገድ ከአሥር ጊዜ በላይ ተመላልሻለሁ። ደብረ ብርሃን ብርድ ነው። ጣርማበር ጉም ነው። ከዚያ ዋሻው፣ ከዚያ ቁልቁለቱ፣ ከዚያ የደብረ ሲና ቆሎ። አለቀ! ሌላ ምን አለ?»

«ዋሻው ጋ ሳትደርስ በስተግራ የሚታጠፈውን መንገድ አይተኸዋል?»

«እንቅልፍ ወስዶኝ ይሆናል።»

«እንግዲያው ተኝተህ ባለፍክበት አገር አትመስክር።»

ነገሩ የእሱ ብቻ ቢሆን ኖሮ እዚያው ከቡናው ጋር ጠጥተነው በቀረ። ግን ይህን «ምን አለ?» የሚል ቃል ከዘመድም ከጎረቤትም እሰማዋለሁ፤ ከዋሽንግተን ለእረፍት ከሚመጣ ጓደኛዬም እሰማዋለሁ። ላሊበላና ጎንደር ሲባል ሁሉም ራሱን ይነቀንቃል፤ እዚያ ግንብ አለ፣ ትኬት የሚቆረጥበት በር አለ። ደጋው ገጠር ሲባል ግን፣ በር ስለሌለው የሚገባበት ያለ አይመስለውም። ስለዚህ ዛሬ ለሁሉም እንደየአመጣጡ ልመልስ ነው።

ባልደረባዬ ቀጠለ፤ «ሣር ነው አሉ። ሣር ለማየት 260 ኪሎ ሜትር ይኬዳል?»

ይኬዳል! ያውም ሣሩን ብቻ አይተህ ብትመለስ የነዳጅህ ገንዘብ ሜዳ አልቀረም። ከጣርማበር ታጥፈህ፣ መዘዞን አልፈህ፣ ወደ መሐል ሜዳ ስትቃረብ መንገዱ ጓሳ ላይ ያወጣሃል። ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ነው። እንጦጦ ጫፉ የሚያልቅበት ከፍታ፣ ጓሳ ገና የሚጀምርበት ነው። ዛፍ ብለህ ብትፈልግ ጅብራው ነው የሚታይህ፤ ብቻ ብቻውን ቆሞ፣ ከሩቅ ሰው መስሎ። የቀረው ሁሉ ሣር ነው፤ ጉች ጉች ብሎ የበቀለ፣ ነፋስ ሲመጣ አንድ ላይ ተኝቶ አንድ ላይ የሚነሣ። ጓሳ የሣሩ ስም ነው፤ ቦታውም የተጠራው በሣሩ ነው። አንድ አገር በሣር ስም ከተጠራ፣ ሣሩ ተራ ሣር አለመሆኑን ለመገመት ሊቅ መሆን አያስፈልግም።

የመንዝ ሰው ግድግዳውን በድንጋይ ይሠራና ጣራውን በጓሳ ይከድናል። ያው ጓሳ ይገመድና ገመድ ይሆናል። እረኛው ክረምት ሲገባ ጀርባው ላይ ጣል የሚያደርጋት ገሳ ከእሱ ትሠራለች። ከጭቃ ጋር ተቦክቶ ግድግዳ ይመረግበታል። ሌላው ግጦሽ ሲደርቅ ከብቱ የሚተርፈው እዚያ ነው። ከዚያው ሜዳ የሚፈልቀው ውኃ ደግሞ ግማሹ ወደ ዓባይ፣ ግማሹ ወደ አዋሽ ይወርዳል። «ሣር ነው አሉ» ያልከኝን አሁን መልሰህ ዋጠው።

«እሺ ዋጥኩት። ግን እንዲህ ያለ ሣር ሌላ ደጋ ላይ የለም?»

ነበረ። አብዛኛው ታርሶ፣ ተግጦ፣ ታጭዶ አለቀ። ጓሳ ላይ ያላለቀው፣ ማጭዱን ሰቅሎ የጠበቀ ሰው ስላለ ነው። ይህችን ነገር ቆም ብዬ መንገር እፈልጋለሁ፤ ስለዚያ አገር ከማውቀው ሁሉ የምትበልጥብኝ እሷ ናትና።

የአገሩ ሽማግሌዎች ሲያወሩ፣ አስቦና ጌራ የሚባሉ ሁለት አባቶች መሬቱን በፈረስ ግልቢያ ተካፈሉ ይላሉ። የጌራ ስም እስከ ዛሬ መንዝ ጌራ ላይ አለ። ጓሳን ግን ለግጦሽና ለሣር የጋራ አድርገው ለዩት፤ በ17ኛው ክፍለ ዘመንም ቄሮ የሚባል ሥርዓት ቆመለት። የቅርቡን የፖለቲካ ቃል እርሳው፤ ይህ ሌላ ነው። አባ ቄራ የሚባል አለቃ ይመረጣል። እሱ «ተዘግቷል» ካለ ተዘግቷል። በደጃፍህ የሚበቅል ሣር ነው፤ ጣራህ ያፈስሳል፣ በሬህ ከስቷል፤ አትነካውም። ሦስት ዓመት፣ አንዳንዴም አምስት ዓመት ሳይነካ ይከርማል። ሣሩ ሲደርስ በበጋው ቀን ይቆረጥና ይከፈታል፤ ባለድርሻው ሁሉ ማጭዱን ይዞ ይገባል። ክረምቱ ሲመጣ እንደገና ይዘጋል። ሥርዓቱ በዚህ ዓይነት ዘመን ዘመንን ሲተካ ኖረ።

እስቲ አስበው። እኛ ኮንዶሚኒየም ግቢ ውስጥ የተተከለች አንዲት የጋራ ጽድ እንኳ ተስማምተን ውኃ ማጠጣት አቅቶን አድርቀናታል። እነሱ አንድ ተራራ ሙሉ ሣር ተስማምተው ጠበቁ።

የካቲት 25 ቀን 1967 የገጠር መሬት አዋጅ ሲወጣ፣ ቄሮ ከቆመበት የርስት ሥርዓት ጋር አብሮ ፈረሰ። ያለ ጠባቂ የቀረ ሣር ምን እንደሚገጥመው ታውቃለህ። ሕዝቡ ግን ነገሩን ጨርሶ አልጣለውም። መጀመሪያ በገበሬ ማኅበራቱ በኩል፣ ኋላም በማኅበረሰብ ጥበቃ ቦታ ስም፣ የአያቶቹን ደንብ በአዲስ መልክ አበጀ። ጠባቂዎቹም የዚያው አገር ልጆች ናቸው። ስለዚህ ጓሳ ላይ ቆመህ የምታየው ሜዳ ዝም ብሎ የተገኘ በረከት አይደለም። የአራት መቶ ዓመት ትዕግሥት ነው፤ ብትረግጠው እንኳ ቀስ ብለህ ርገጠው።

አሁን ደግሞ የአክስቴን ልጅ ልመልስላት። «ጭላዳ ለማየት ከሆነ ደብረ ሊባኖስ መንገድ ላይ አይቻለሁ፤ ዳቦ ስንወረውርለት ቀርቦ ፎቶ ተነሣን» አለችኝ።

«ያየሽው ሲለምን ነው፤ ጓሳ ሄደሽ ሥራው ላይ እዪው» አልኳት።

እንዲህ ነው የሚታየው። ማለዳ ነው፤ ውርጩ ከሣሩ ላይ ገና አልለቀቀም። ጠባቂው ከገደሉ አፋፍ ራቅ አድርጎ አስቀመጠኝና «ዝም በል፤ አሁን ይወጣሉ» አለኝ። ጭላዳ የሚያድረው ገደል ላይ ነው፤ ጅብ በማይደርስበት ጠርዝ። ፀሐይዋ ገደሉን ስትነካው አንድ ወንድ ጋማውን እያራገፈ ብቅ አለ፤ ደረቱ ላይ ያለችው ቀይ ምልክት የተላጠ ቁስል ትመስላለች። ከኋላው ሴቶቹ፣ ግልገሎቻቸውን አዝለው። ከዚያ ሌላ ቤተሰብ። ከዚያ ሌላ። ጥቂት ሳይቆይ ሜዳው ሞላ፤ ሁሉም ቁጭ ቁጭ አለና ሥራ ጀመረ። በሁለት እጁ ይነጫል፤ እፍኙ ሲሞላ ወደ አፉ ያደርሳል። ከፊቱ ያለውን ሲጨርስ እንኳ ብድግ አይልም፤ በመቀመጫው ፈቀቅ ይላል። ዓይኔን ጨፍኜ አዳመጥኩ፤ ጭርጭር፣ ጭርጭር፣ ጭርጭር። ያ ሁሉ ጣት ሣር ሲነጭ የሚያሰማው ድምፅ ነው። እስካሁን ከጆሮዬ አልጠፋም።

በዓለም ላይ ካሉት የጦጣና የዝንጀሮ ዘሮች ሁሉ ሣር ግጦ የሚኖር እሱ ብቻ ነው። አገሩም ይኸው የእኛ ደጋ ነው፤ ሌላ የትም የለም። ዳቦ ስትወረውሪለት እንግዲህ ለማን ምን እያስተማርሽ እንደሆነ አስቢው።

ቆይቶ ጠባቂው ክንዴን ነካ አደረገኝ። ከመንጋው መሀል አንድ ቀይ ነገር ይንቀሳቀሳል። ቀይ ቀበሮ ናት! ይጮኻሉ፣ ይበተናሉ ብዬ ጠበቅኩ። አንዱም አልተነሣም። እሷም ከአጠገቧ የሚቦርቁትን ግልገሎች ዞር ብላ አላየችም። አንገቷን ዝቅ፣ ጆሮዋን ቀጥ አድርጋ፣ እግሯን እየቆጠበች ስትሄድ ቆየችና ድንገት ዘለለች። ቀና ስትል አፏ ላይ አይጥ አለ።

ይህን ነገር ተመራማሪዎች እዚያው ጓሳ ላይ ተቀምጠው ቆጥረውታል፤ በ2015 እ.ኤ.አ. ታትሟል። ቀበሮዋ ለብቻዋ ስታድን ከመቶ ሙከራ የሚቀናት 25 ነው። ከጭላዳ መሀል ሆና ስታድን 67! እሷ ግልገል አትነካም፣ እነሱ አያባርሯትም። እንዲህ ያለውን ጉርብትና መሬት ላይ ቁጭ ብሎ ማየት የሚቻልበት ቦታ ስንት ነው? ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ 500 አትሞላም፤ ሁሉም ያሉት ኢትዮጵያ ውስጥ ነው።

የአክስቴ ልጅ ለጥቂት ጊዜ ዝም አለችና «እኔ ግን ውሻዬን ትቼ ሦስት ቀን አልችልም፤ ይዤው ብሄድስ?» አለች።

«ውሻሽን ከወደድሽ ቤት ተዪው፤ ቀበሮዋን ከወደድሽም ቤት ተዪው።» ይህን ያልኳት ለጨዋታ አልነበረም። ቀይ ቀበሮን በመንጋ የሚጨርሳት ከውሻ የሚተላለፍ በሽታ ነው፤ የእብድ ውሻ በሽታ አንዱ ነው። የታመመ አንድ ውሻ ለአንድ ተራራ ይበቃል።

ስለ ጉዞ ማኅበር ደግሞ አንድ ነገር አለኝ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ቅዳሜና እሑድ ሰው ሰብስቦ ከሚሄድ አንድ ቡድን ጋር ወደዚያው ወጣሁ። ስሙን አላነሣም። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነሥተን፣ ስንዘፍን ሄደን፣ ሜዳው ላይ ወረድን። ሙዚቃው ከመኪናው ጋር አብሮ ወረደ። አርባ ደቂቃ ፎቶ ተነሣን። ከዚያ «ግቡ፣ ግቡ» ተባለ።

አስተባባሪውን «ገና መድረሳችን እኮ ነው፤ ጭላዳውም አልታየ» አልኩት።

«ጭላዳው ሙዚቃውን ሰምቶ ሸሸ መሰለኝ» አለ።

«ታዲያ ማን ነው መሄድ ያለበት፤ ሙዚቃው ወይስ እኛ?»

«ወንድሜ፣ ፕሮግራማችን ጠባብ ነው።»

«አገሩ ሰፊ ነው። ይህን ሁሉ ሰፊ አገር በአርባ ደቂቃ ልክ የሰፋህለት አንተ ነህ።»

ስንሄድ የውኃ ፕላስቲኩ ሣሩ ላይ ቀረ። አንድ እረኛ ልጅ መጥቶ አንድ በአንድ ሲለቅም በመኪናው መስኮት አየሁት። ያን ቀን የተሰማኝን ሐፍረት ዛሬም ስጽፈው ፊቴ ይግላል። ደጋ የቀን ጉዞ አይደለም፤ የማደር አገር ነው። ጭላዳው የሚወጣው በማለዳ ነው፤ ቀበሮዋ የምትታየው ለታገሠ ነው። ማታ ሰማዩን ያላየ ሰው ደግሞ ኮከብ ስንት እንደሆነ አይገባውም። ማኅበረሰቡ የሠራው ማረፊያ አለ፤ ድንኳን ይዘህም መሄድ ትችላለህ። የምትከፍለው ለእነዚያው ሣር ጠባቂዎች አገር ነው።

የዋሽንግተኑ ጓደኛዬ እዚህ ላይ ገባ። «ድንኳን? በዚያ ብርድ? ሙቅ ውኃ አለ?»

«ባለፈው ዓመት ኮሎራዶ ተራራ ላይ ድንኳን ተክለህ ያደርክበትን ፎቶ የላክልኝ አንተ አይደለህም? እዚያ ሙቅ ውኃ ነበረ?»

«እሱማ ካምፒንግ ነው።»

«ይሄም ካምፒንግ ነው፤ ልዩነቱ እሳት የሚያነድልህ ሰው አማርኛ ይናገራል።»

እሱ እንኳ ሳቀና «እሺ፣ ብርዱስ?» አለ። ብርዱ እውነት ነው፤ አላሳንሰውም። ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊቱ ይወርጫል፤ ጠዋት ድንኳንህ ነጭ ሆኖ ታገኘዋለህ። ሐምሌና ነሐሴ ዝናቡና ጉሙ ምንም አያሳዩህም። መስከረም ካለቀ በኋላ ሂድ፤ ሜዳው አበባ ነው። ጦስኙን ከመሬት ቀጥፈህ ሻይ አፍላበት። በዚያ ብርድ የሚሰጥህን ጣዕም ከተማ ውስጥ በገንዘብ አታገኘውም።

ብርድ ካልን ወደ ባናችን እንመለስ። ባልደረባዬ ምንድን ነው ብሎ ነበር። ባና ከመንዝ በግ ጠጉር የሚሠራ ነው። የመንዝ በግ ትንሽ ናት፤ ላቷ ግን የሰባ፣ ጠጉሯም ወፍራም ነው። ይሸለታል፣ ሴቶቹ በእንዝርት ይፈትሉታል፣ ሸማኔው ይሠራዋል፤ ከባድ ብርድ ልብስ ይወጣዋል። በርኖሱም የዚሁ ዘመድ ነው። መሐል ሜዳ ገበያ አብሮኝ የነበረ ወዳጄ አንዱን አነሣ፤ ጥቁርና ቡኒ ሆኖ በነጭ የተጠለፈ፣ ቀለሙ የበጉ የራሱ። ሻጭዋ ዕድሜያቸው ገፋ ያለ እናት ናቸው፤ ተቀምጠውም እንዝርታቸው አያርፍም። በጭናቸው ላይ ሸርተት ያደርጉታል፣ ይሽከረከራል፣ ጠጉሩ ከእጃቸው እየተሳበ ክር ይሆናል። ዓይናቸው ግን እኛ ላይ ነው።

«እማማ፣ ትንሽ ይቀንሱልኝ» አለ ወዳጄ።

«ምኑን ልቀንስልህ የኔ ልጅ? ቁመቱን ነው ወይስ ሙቀቱን?»

«ዋጋውን ነው እንጂ።»

«ዋጋውማ የበጋ እንቅልፌ ነው። ያን ከየት አምጥቼ ልቀንስልህ?»

ወዳጄ እጁን ባናው ላይ ደባብሶ «ይኮሰኩሳል ደግሞ» አለ።

«ገላህ አልለመደው። ሌሊቱ ይምጣ፤ ራሳችሁ ትታረቃላችሁ።»

የጠየቁትን ከፈለ፤ አንዲት ብር ሳያጎድል። ያን ሌሊትም ታረቁ። እኔ ግን ከባናው ይልቅ አፋቸውን ይዤ መጣሁ። ሰው ተረብ ለመማር ቲያትር ቤት ይገባል፤ መንዝ ገበያ ላይ በነፃ ነው።

«ባህሉን የሚያውቀው ማነው? የተጻፈ ነገር አለ?» ያለኝም አለ። አለ እንጂ! ዶናልድ ሌቪን የሚባል አሜሪካዊ የሶሲዮሎጂ ሊቅ ከቺካጎ ተነሥቶ መጥቶ መንዝ ሰንብቷል፤ በ1965 እ.ኤ.አ. የታተመው «ሰምና ወርቅ» የተባለው መጽሐፉ ከዚያ ያገኘውን ይዟል። ደራሲ ከበደ ሚካኤልን ያበቀለም ይኸው አገር ነው። ከቺካጎ የመጣ ሰው የሰነበተበትን አገር፣ ከመገናኛ የሚነሣ ሰው «ምን አለ?» ሲለው ያሳዝነኛል።

ጊዜ ካለህ አንኮበርን ጨምር። ከደብረ ብርሃን ወደ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ለብቻው የሚታጠፍ መንገድ አለው። እዚህም ላይ ተከራካሪ አይጠፋም።

«የምኒልክ ቤተ መንግሥት እኮ ፈርሷል። ፍርስራሽ ላይ ምን ልሠራ?»

«ቤተ መንግሥቱ ፈርሷል፤ የተሠራበት ምክንያት ግን እንዳለ ቆሟል። ዞር በልና ከእግርህ ሥር ተመልከተው።»

ኮረብታው ጫፍ ላይ ስትቆም ደጋው እዚያው ይቆረጣል። ከታች አገሩ እየተደራረበ፣ እየራቀ፣ እስከ አዋሽ በረሃ ይወርዳል። ከታጁራ ጨውና ሸቀጥ የጫነው ግመል የአፋርን ምድር አቋርጦ የሚያርፈው ከግርጌው፣ አልዩ አምባ ገበያ ላይ ነበር። አንኮበር ላይ የተቀመጠ ንጉሥ የሚመጣውን ሁሉ ከሩቅ ያያል፤ የሚወጣውም ሁሉ በደጁ ያልፋል። በ1841 እ.ኤ.አ. ሐሪስ የሚባል የእንግሊዝ መኮንን የመራው መልእክተኛ ቡድን ወደ ሸዋው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ የመጣው በዚሁ አቀበት ነው። አንተም በእግርህ ውጣው። በመኪና የወጣ ሰው አንኮበር ለምን ዋና ከተማ እንደነበረ አይገባውም፤ ጉልበቱ የተንቀጠቀጠ ሰው ግን ማንም ሳይነግረው ይገባዋል።

ወፍ የሚወድ ልጅ ካለህ ይዘኸው ሂድ። በአንኮበር ስም የምትጠራ ትንሽ ቡናማ ወፍ አለች፤ ከኢትዮጵያ ደጋ ውጭ አትኖርም። ለሳይንስ የታወቀችው በ1976 እ.ኤ.አ. ነው። ሁሉ ነገር ተገኝቶ አልቋል ብሎ ለሚያስብ ልጅ ይህች ወፍ ጥሩ አስተማሪ ናት።

ምግቡን በአጭሩ ልለፈው፤ አገሩ የገብስ ነው። ቆሎው፣ በሶው፣ ቂጣው፣ ጠላው ገብስ ነው። ሰው ቤት ገብተህ «ጠግቤያለሁ» ብትል የሚሰማህ የለም።

አሁን ቀልድ የሌለበትን ልንገርህ። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልሉ በተነሣው ግጭት መንገዱ የሚዘጋበት፣ የሚያስፈራበትም ጊዜ አለ። ይህን ደብቆ «ና» የሚል ጸሐፊ አንባቢውን አይወድም። እኔም የምነሣው እዚያ ያሉ ዘመዶቼ «አሁን ና» ሲሉኝ ነው፤ «ቆይ» ካሉኝ ፈቃዴን እመልሳለሁ። አንተም ከመነሣትህ በፊት ደውል፣ ጠይቅ፣ አረጋግጥ። ደግሞም የዚያ አገር ሰው እንግዳ የናፈቀው ለገንዘቡ ብቻ አይደለም። በስልክ ያነጋገርኩት አንድ ዘመዴ «መንገዱ ዳር ቆመን የሚመጣ መኪና የምንቆጥርበት ቀን መቼ ይመለስ ይሆን?» ብሎኛል። ለእሱ የሚሆን ፈጣን መልስ አልነበረኝም። «ሲመለስ የመጀመሪያው መኪና ውስጥ እኔ አለሁ» አልኩት፤ ከልቤ ነው ያልኩት።

ስትሄድ ጠባቂ ይዘህ ሂድ፤ የሚገባውን ክፈለው። ለጭላዳ ምግብ አትስጥ። ሙዚቃህን መኪናህ ውስጥ ተወው። የያዝከውን ፕላስቲክ ይዘኸው ተመለስ። ባና ግዛ፤ የፈተለችውን ሴት ዋጋ አታስቀንስ። ቢያንስ ሁለት ሌሊት እደር።

ባልደረባዬ ቡናውን ጨረሰ። ሂሳቡን ከፈለ፤ የእኔንም ጭምር። ከወንበሩ ተነሥቶ ኮቱን ከለበሰ በኋላ፣ ፊቱን ወደ መንገዱ አድርጎ «ማጠፊያው የቱ ጋ ነው አልከኝ?» አለ።

«ጣርማበር፣ ዋሻው ጋ ሳትደርስ፣ በስተግራ» አልኩት። «ጋቢ ያዝ።»